ከጦር ሜዳ የተመለሰ አባት በምን ይታወሳል?



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን ቀርታችሁ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አውርዳችሁ ስትጨርሱ፣ ለጥቂት ደቂቃ አንድ ጥያቄ አብረን እናስብበት።

አንድ ሰው በወጣትነቱ ወታደር ነበር እንበል። ከገጠር ወጥቶ ዘመተ፣ ቆሰለ፣ ጓደኞቹ አጠገቡ ሲወድቁ አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ኖረ። አረሰ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ የታመመ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰ፣ የልጅ ልጅ አቀፈ። አንድ ቀን አጀሉ ደረሰና ሄደ። ለቅሶ ቤት የተሰበሰበው ሰው ስለ የትኛው ሕይወቱ ነው የሚያወራው?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ሁለቱ ዓመት ነው። የዘመተበት አገር፣ የተሸለመው ሜዳሊያ፣ የጥይቱ ጠባሳ ይወራል። ስልሳው ዓመት ግን «ደግሞም ጥሩ አባት ነበር» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልፋል።

ይህ ሚዛን ትክክል ነው? አላህ ዘንድስ የሰው ሕይወት የሚመዘነው እንዲህ ነው? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

በተራራው ሥር ያለው ሰፈር

የካ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። በእንጦጦ ግርጌ ኮሪያ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። ብዙዎቻችን በታክሲ ስናልፍ ስሙን እንሰማለን እንጂ ለምን እንደዚያ እንደተባለ ጠይቀን አናውቅም።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአዲስ አበባ ተነሳ። ወደ ጅቡቲ ወረደ፣ በመርከብ ውቅያኖስ አቋርጦ ኮሪያ ገባ። ተከታዮቹ ሻለቃዎችም እየተተካኩ ሄዱ። በድምሩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር እዚያ አገልግለዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ከመካከላቸው አንድም ሰው በጠላት እጅ ተማርኮ እንዳልቀረ ዛሬም በኩራት ይነገራል። ተኩሱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም ቆመ። ከተመለሱት ብዙዎቹ በዚህ በእንጦጦ ሥር ቦታ ተሰጥቷቸው ቤት ሠሩ። ኮሪያ ሰፈር የተባለው ለዚህ ነው። አፍንጮ በር አካባቢ የመታሰቢያ ሐውልትና ሙዚየም አላቸው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥም ቹንቾን በምትባል ከተማ ለእነርሱ ሐውልት ቆሟል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ እንደ መጀመሪያው አያስደስትም። በ1967 ዓ.ም ደርግ ሥልጣን ሲይዝ እነዚህ ሰዎች ከኮሚኒስት ጦር ጋር የተዋጉ ሆነው ተገኙ። ትናንት ክብር የነበረው ነገር በአንድ ጊዜ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሜዳሊያቸውን ደብቀው፣ ኮሪያ መዝመታቸውን ሳይናገሩ የኖሩ እንደነበሩ አዛውንቶቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ብዙዎቹ በድህነት አረጁ። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ዕድሜው ከዘጠና አልፏል። የቀሩት ጥቂት ናቸው።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። መንግሥት ሲቀየር ሜዳሊያው ከክብር ወደ ስጋት ተቀየረ። በሌላ መንግሥት ደግሞ እንደገና ክብር ሆነ። ሰውየው ግን ያው ሰው ነው። ጠዋት ተነስቶ ለልጆቹ ዳቦ የሚያመጣው እጅ በሦስቱም ዘመን ያው እጅ ነው። ሰዎች የሚሰጡት ክብር ሰዎች የሚወስዱት ክብር ነው። ታዲያ ማንም የማይወስደው የትኛው ነው?

ኒያውን ማን ያውቃል?

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቂያማ ቀን መጀመሪያ ስለሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች ነግረውናል። አንደኛው ተዋግቶ የተገደለ ሰው ነው። በአላህ መንገድ እስክሞት ተዋጋሁ ይላል። ዋሸህ፣ ጀግና እንድትባል ነው የተዋጋኸው፣ ተብሎልሃልም ይባላል። ከዚያ በፊቱ ተጎትቶ ወደ እሳት ይጣላል። ሌሎቹ ሁለቱ ዓሊምና ለጋስ ባለሀብት ናቸው፤ እነርሱም በይዩልኝ የጠፉ።

ይህ ሐዲስ ያስደነግጣል። ሐዲሱ ግን በሌላ ሰው ኒያ ላይ እንድንፈርድ አልመጣም። የመጣው ለራሳችን ነው። እኛ የሰውን ሥራ እናያለን፣ ልቡን አናይም። በኮሪያ ተራሮች ላይ የነበረው ወጣት ለምን እንደተዋጋ፣ ታዞ ነው፣ ለደመወዝ ነው፣ የተወረረ ሕዝብ አሳዝኖት ነው፣ አላህ ያውቃል። የእኛ ድርሻ ከሐዲሱ አንድ ትምህርት መውሰድ ነው። ጭብጨባ ያለበት ሥራ ሁልጊዜ አደጋ አለው። ጭብጨባው ራሱ ደመወዝ ሊሆንና አኺራ ስንደርስ ሒሳቡ ተዘግቶ ልናገኘው እንችላለን።

ማንም የማያጨበጭብለት ሥራስ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ታቅፎ የሚንጎራደድ አባት ማን ያጨበጭብለታል? የራሱን ድርሻ ቀንሶ ለልጁ ሳህን የሚያዛውር፣ ጠግቤያለሁ ብሎ የሚነሳ አባት ማን ፎቶ ያነሳዋል? እዚህ ሥራ ውስጥ ይዩልኝ የሚገባበት ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው።

የሸሂዱ ዕዳ

ምናልባት «እሺ፣ ግን በእውነተኛ ኢኽላስ የሞተ ሸሂድ ከሆነስ? ከዚያ በላይ ምን አለ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሸሂድ ደረጃ ትልቅ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሸሂድ ሁሉም ወንጀሉ እንደሚማርለት፣ ዕዳ ግን እንደማይካተት ተናግረዋል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ደሙን ያፈሰሰ ሰው፣ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ነገር የሌለው ሰው፣ ጎረቤቱን የተበደረው ገንዘብ ግን ይጠብቀዋል። ለምን? የሰው ሐቅ ስለሆነ ነው። አላህ የራሱን ሐቅ ይቅር ይላል። የባሪያውን ሐቅ ግን ባለቤቱ እስኪያገኘው ድረስ አይጥለውም።

የሰው ሐቅ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሚስት ሐቅ አለ፣ የልጅ ሐቅ አለ፣ የእናትና የአባት ሐቅ አለ። ስለዚህ በጦር ሜዳ ጀግና የነበረ ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ቢበድል ሜዳሊያው አይከፍልለትም። ቲርሚዚይ በዘገቡት ሐዲስ ከእኛ በላጩ ለቤተሰቡ በላጭ የሆነው እንደሆነ ተነግሮናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሲናገሩ ራሳቸውን ምሳሌ አድርገው ነው። እርሳቸው ደግሞ ጦር የመሩ፣ ኡሑድ ላይ ፊታቸው የደማ ነበሩ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር ተብላ ስትጠየቅ የነገረችው ስለ ዘመቻ አይደለም። ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ወጥተው ይሄዱ እንደነበር ነው የነገረችው። ቡኻሪይ ዘግበውታል።

ጉልበቱን የት አዋለው?

ጦበራኒይ የዘገቡት፣ ከከዕብ ኢብኑ ዑጅራ (ረ.ዐ) የተላለፈ አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። ለጥያቄያችን ከዚህ የቀረበ መልስ ያለ አይመስለንም። አንድ ብርቱ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጠገብ አለፈ። ሶሐቦች ጉልበቱንና ትጋቱን አይተው ተደነቁ። ይህ ጉልበት በአላህ መንገድ ላይ ቢሆን ብለው ተመኙ። በአእምሯቸው ያለው ጦርነቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አረሟቸው። ሰውየው የወጣው ለትናንሽ ልጆቹ ሊሠራ ከሆነ በአላህ መንገድ ላይ ነው አሉ። ላረጁ ወላጆቹ ከሆነም በአላህ መንገድ ላይ ነው። ራሱን ከልመና ለመጠበቅ ከሆነም እንደዚሁ። ለይዩልኝና ለመፎካከር የወጣ ከሆነ ግን በሸይጧን መንገድ ላይ ነው።

ተመልከቱ፣ ጉልበቱ አንድ ነው። ሰውየው ሲራመድ ከውጭ ብታዩት ልዩነቱን አታውቁትም። ለውጡን የሚያመጣው የሚሄድበት ምክንያትና በቤቱ የሚጠብቀው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እንጦጦ ቀና በሉ። ከተራራው ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች አሉ። ማገዶ ተሸክመው በባሕር ዛፉ መሐል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ አንዳንዴ የራሳቸውን ክብደት የሚስተካከል ነው። አህያ እየነዳ ወደ ገበያ የሚወርድ አባት አለ። እነዚህ ሰዎች ለልጆቻቸው በሐላል እስከሠሩ ድረስ ሐዲሱ ስለ እነርሱ ነው። መንገዱ ሰልፍና ባንዲራ የለውም እንጂ የአላህ መንገድ ነው።

ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስም በአላህ መንገድ የወጣ ዲናር፣ ባሪያ ለማስለቀቅ የወጣ ዲናር፣ ለሚስኪን የተሰጠ ዲናርና ለቤተሰብ የወጣ ዲናር ተነጻጽረዋል። በምንዳ ትልቁ ለቤተሰብ የወጣው ነው ተብሏል። ዘመቻ ሊወጣ ፈቃድ የጠየቀን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወላጆቹ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁት፤ አዎ ሲል ትግሉን በእነርሱ ላይ እንዲያደርግ መለሱት። ይህ ቡኻሪይና ሙስሊም የተስማሙበት ነው።

እንግዲህ መልሱ እየጠራ መጣ። ስልሳው ዓመት የሁለቱ ዓመት ጭራ አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ ዓመት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የሚመሰክሩት ስልሳዎቹ ናቸው።

ታዲያ ወታደርነቱ ከንቱ ነው?

አይደለም። ወደዚያ ጥግ ከሄድን ደግሞ ሌላ በደል ነው። እኛ በሰላም ጁሙዓ ሰግደን የምንመለሰው ሌላ ሰው ብርድ ላይ ስለቆመልን ነው። ሰውን የማያመሰግን አላህን አላመሰገነም የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል።

«ግን እኮ ለንጉሥ ነው የተዋጉት፣ ለዲን አይደለም። አብዛኞቹም ሙስሊሞች አልነበሩም። እኛን ምን አገባን?» የሚል ወጣት ሊኖር ይችላል። ስሜቱ ከየት እንደመጣ እንረዳለን። በዚያ ዘመን የአባቶቻችን ዒድ በአገሪቱ የበዓል ቀን መቁጠሪያ ላይ አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሙስሊሞች በብዙ ሺዎች የወጡት እኩልነት ለመጠየቅ ነበር። በዓሎቻችን በአገር ደረጃ የታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን በደል መርሳት የለብንም።

ግን ሁለት ነገር አብረን እናስታውስ። አንደኛ፣ በዚያ ሰልፍ ላይ ከሙስሊሞች ጎን የወጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሁለተኛ፣ የሥርዓት በደል በአንድ ተራ ወታደር ጫንቃ ላይ አይጫንም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ ስምንተኛው አንቀጽ ላይ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንድንተው እንዳይገፋፋን አዞናል። በሱረቱል ሙምተሒና ስምንተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ በሃይማኖታችን ምክንያት ላልተዋጉን፣ ከቤታችን ላላባረሩን ሰዎች በጎ ከመዋልና ፍትሕ ከማድረግ እንዳልከለከለን ነግሮናል።

የነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሥራ ይህንኑ ያሳያል። ጀናዛ ሲያልፍ ቆሙ። የአይሁዳዊ ጀናዛ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ እርሱስ ነፍስ አይደለምን ወይ በሚል ጥያቄ መለሱ። ሐዲሱ ቡኻሪይና ሙስሊም ዘንድ ነው። እንግዲህ የጎረቤታችን አዛውንት ሲሞት ድንኳኑ የማን እንደሆነ ሳናይ ሄደን «አላህ ያጽናችሁ» ብንል ከዲናችን የሚጎድል ነገር የለም። የካም ሆነ ጉለሌ፣ ጎረቤት ጎረቤት ነው። ሐቁም የጎረቤት ሐቅ ነው።

ስለ ቃኘው ወታደሮች ከሚነገረው ሁሉ ልብ የሚነካው ደግሞ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? ምሽግ መስበራቸው አይደለም። ዶንግዱቾን በተባለች ከተማ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው፣ ከራሳቸው ቀንሰው፣ የሚያሳድጉበት ቤት ማቋቋማቸው ነው። ከተዋጉባቸው ተራሮች አንዳንዶቹ የሚታወቁት በቁጥር ብቻ ነው። እነዚያ ልጆች ግን አድገው፣ ወልደው፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ስለ ጥቁሮቹ ወታደሮች ደግነት መሰከሩ። ለየቲም የሚጨነቅ ሰው በኢስላም ምን ቦታ እንዳለው እናንተ ታውቃላችሁ። ጠመንጃ ይዞ የሄደ ወጣት ሰው ያስታወሰው አባት ሆኖ በተገኘበት ሥራው ነው። ጥያቄያችንን ከኪታብ ወጥታችሁ በታሪክ ብትመልሱት እንኳን መልሱ እዚያው ያደርሳችኋል።

ጦርነቱን ቤት ይዞ የመጣ አባት

እስካሁን ስለ ደግ አባት አወራን። አሁን የሚከብደውን እንናገር። ከጦርነት የሚመለስ ሰው ሁሉ በደግነት አይመለስም። ከኮሪያ በኋላም አገራችን ብዙ ጦርነት አይታለች። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም በነበረው ጦርነት የዘመቱ አባቶች አሉ፣ ከዚያ በኋላ የዘመቱም አሉ። ይህን ከምታነቡት መካከል አባቱ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃበት ልጅ ይኖራል። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ ስለ ዘመቻው ሲጠየቅ የሚቆጣ ወይም ለሳምንት የሚዘጋ አባት ያላት ልጅ ትኖራለች። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዝምታ አልፎ ዱላ አለ።

ለእነዚህ ወንድሞችና እህቶች ባዶ ምክር አንሰጥም። ሁለት ነገር ግን እንበል።

አንደኛው፣ የወላጅ ሐቅ ወላጅ ፍጹም በመሆኑ ላይ የቆመ አይደለም። ሱረቱ ሉቅማን አሥራ አምስተኛው አንቀጽ ላይ አላህ ወላጆች ወደ ሺርክ ቢገፉ እንኳን አትታዘዛቸው፣ በዱንያ ግን በመልካም ተወዳጃቸው የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ ሰጥቶናል። አለመታዘዝና መልካም መሆን አብረው የሚሄዱበት ቦታ እንዳለ ተማርን። ያ የምትፈሩት ቁጣ ምናልባት በሃያ ዓመቱ ያየው ነገር ነው። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ወደ ሐኪም እንዲሄድ መርዳት ለአባት ከሚዋሉ በጎ ሥራዎች አንዱ ነው። ማፈር አያስፈልግም።

ሁለተኛው፣ በደልን በደል ማለት አባትን መካድ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ የሆነ ወንድማችንን የምንረዳው ከበደሉ በመያዝ እንደሆነ አስተምረዋል። እናታችሁ ወይም ታናናሾቻችሁ አደጋ ላይ ከሆኑ ዝምታ ትዕግሥት አይባልም። ለአጎት፣ ለሽማግሌ፣ ለኢማም ንገሩ፤ ካስፈለገም ለሕግ። አባታችሁን ከተጨማሪ የሰው ሐቅ ታድኑታላችሁ። ያ ዕዳ ለሸሂድ እንኳን እንደማይማር አይተናልና።

ከሞተ በኋላስ? የሞቱትን መሳደብ ተከልክለናል። ይህ ማለት ግን ያልነበረ ምስጋና እንፍጠር ማለት አይደለም። ሁለት ጀናዛዎች አልፈው አንዱን ሰዎች በመልካም፣ ሌላውን በክፉ ሲያነሱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምእመናን በምድር ላይ የአላህ ምስክሮች እንደሆኑ ተናግረዋል። ምስክርነት ደግሞ አማና ነው። ለቅሶ ቤት የምንናገረው ቃል ሰው ለማስደሰት የሚባል ሳይሆን የምናውቀውን መልካም ነገር በእውነት መመስከር ነው። የማናውቀውን መተው ነው። የሚያምመውን ለአላህ በዱዓ መስጠት ነው። «ያ አላህ፣ እርሱ የቆሰለ ሰው ነበር፣ እኔንም አቁስሎኛል፣ ለሁለታችንም እዘን» ማለት እውነትም ነው፣ አደብም ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ ሁሉ ወደ ሥራ ካልተቀየረ ንባብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ሳምንት ልንጀምራቸው የምንችል አራት ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ፣ በሕይወት እያሉ ጠይቋቸው። አያታችሁ ወይም አባታችሁ ከገጠር የመጡ፣ የዘመቱ፣ ያረሱ ከሆኑ አጠገባቸው ተቀመጡ። ስልኩን አስቀምጡት። ስለ ጦርነቱ ብቻ አትጠይቁ። እናታችንን እንዴት አገኟት? የመጀመሪያ ልጅዎ ሲወለድ የት ነበሩ? በድርቁ ጊዜ እንዴት አሳደጉን? ብላችሁ ጠይቁ። ጦርነቱን ማንም ይጠይቃቸዋል። ይህን የሚጠይቃቸው ልጅ ግን ጥቂት ነው። መናገር ካልፈለጉ አታስገድዱ፤ አብሮ መቀመጡ ራሱ ኢባዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕዳቸውን እወቁ። ያለባቸውን ብድር፣ የሰው አደራ፣ የተጣሉት ሰው ካለ በአደብ ጠይቃችሁ ጻፉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲመጣ ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በኃላፊነት ሲወስድ ነው የሰገዱበት። ከድንኳን ኪራይና ከምግብ ድግስ በፊት ለሞተ አባት የሚደረግ ትልቁ ውለታ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጓደኞቻቸውን ጠብቁ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ መካ ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ ባላገር አገኙ። ሰላም ብለውት የሚጋልቡትን አህያና ከራሳቸው ላይ ያለውን ጥምጥም ሰጡት። አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ተገረሙ፤ ባላገር እኮ በጥቂት ነገር ይደሰታል አሉ። እርሳቸው ግን የዚህ ሰው አባት የአባቴ የዑመር ወዳጅ ነበር አሉ። ከበጎ ሥራ ሁሉ የላቀው የአባትን ወዳጆች ዝምድና መቀጠል እንደሆነ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውንም ነገሯቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። አባታችሁ ሞተው ከሆነ አብረዋቸው የዘመቱ፣ አብረዋቸው ያረሱ፣ አብረዋቸው መስጂድ የሚሄዱ አዛውንቶች የት አሉ? አንድ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ብትሄዱ ምን ያህል እንደሚደሰቱ አስቡ። «የእገሌ ልጅ ነኝ» ስትሏቸው ዓይናቸው ላይ የምታዩት ነገር ከኪሎ ስኳር በላይ ነው።

አራተኛ፣ ራሳችሁ የሚቀጥል ሥራ ሁኑላቸው። ሰው ሲሞት ከሦስት በቀር ሥራው ይቋረጣል፤ ሶደቀቱን ጃሪያ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ከሦስቱ ውስጥ ሜዳሊያ የለም። ሐውልትም የለም። ልጅ ግን አለ። ሐውልት ላይ የተጻፈ ስም ዝናብ ያጠፋዋል፣ መንግሥት ይቀይረዋል። ፈጅር ላይ ተነስታችሁ «ጌታዬ ሆይ፣ አባቴን ማርልኝ» የምትሉትን ግን ማንም አይወስድባቸውም።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር እንበል። ብዙዎቻችን ገና ወጣቶች ነን። ትልቅ ነገር ሠርተን መታወስ እንፈልጋለን። ምኞቱ ክፉ አይደለም። ግን ትልቁን ቀን ስንጠብቅ ትንንሾቹ ቀኖች እንዳያልፉን። እናታችሁ ውሃ ቅዳልኝ ስትል፣ ታናሽ እህታችሁ የቤት ሥራዋን ስታሳያችሁ፣ አባታችሁ መድኃኒቱን ስታስታውሱት፣ ከዕብ ኢብኑ ዑጅራ በነገረን መንገድ ላይ እየሄዳችሁ ነው። አላህ ሰውን ለጀግንነት የሚፈትነው አንዴ ወይም ሁለቴ ሊሆን ይችላል። በቤተሰቡ ግን በየቀኑ ይፈትነዋል።

ያ አላህ፣ በዚህ በተከበረ ቀን፣ ከገጠር ወጥተው ያሳደጉንን አባቶቻችንና እናቶቻችንን ማርልን። በሕይወት ላሉት ጤናና መልካም ፍጻሜ ስጣቸው። ጦርነት ያቆሰላቸውን ልብ አንተ ፈውስ። በእኛ ላይ ያላቸውን ሐቅ ሳንወጣ አትውሰዳቸው፣ ሳንወጣም አትውሰደን። አገራችንን ልጅ አባቱን፣ አባት ልጁን ከማይቀብርበት ጦርነት ጠብቅልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።